ፓምፕ ሾትገንን ለቤት ጥበቃ ማሰናዳት፦ ምን ይቀየር፣ ምን አይነካ

አሜሪካ የምትኖሩ ወዳጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ሾትገን ገዝቻለሁ፤ ለቤት ጥበቃ እንዲሆን ምን ልግጠምበት?» በስልክ በቁርጥራጭ ከምመልስ እዚህ ሙሉውን ልጻፈው።

መመሪያው በብዛት እጃችሁ ላይ ለሚገኙት ሦስት የፓምፕ ሾትገን ዓይነቶች ነው (ፓምፕ የምንለው ከአፈሙዙ ሥር ያለውን፣ በእጅ ወደኋላና ወደፊት እየተሳበ ጥይት የሚያጎርሰውን እጀታ ነው)፦ ሞስበርግ 500፣ ማቨሪክ 88 እና ሬሚንግተን 870። ብዙዎቻችሁ የገዛችሁት ለአደን የተሠራውን ነው። አፈሙዙ 28 ኢንች ነው። ሰደፉ ለረጅም ሰው የተለካ ነው። መብራት የሚባል ነገር የለውም። ጠመንጃው ደህና ነው፤ ኮሪደር ውስጥ ግን ያስቸግራል።

የሚያስፈልገው ለውጥ ጥቂት ነው። ከቁመታችሁ ጋር የሚስማማ ሰደፍ፣ ፊት ለፊታችሁ ያለው ማን እንደሆነ የሚያሳይ መብራት፣ በራሳችሁ ጠመንጃ የተፈተነ ጥይት፣ ልጅ የማይከፍተው መቆለፊያ። የቀረው አብዛኛው ገንዘብ ማባከን ነው።

ካቻቪቴ ከማንሳታችሁ በፊት፦ ሕጉ

በአሜሪካ ፌደራል ሕግ የሾትገን አፈሙዝ ከ18 ኢንች (45.7 ሳንቲ ሜትር) ማነስ የለበትም። ጠቅላላ ርዝመቱም ከ26 ኢንች (66 ሳንቲ ሜትር) ማነስ የለበትም። ያለ ፌደራል ፈቃድና ምዝገባ ከዚያ ያሳጠረ ሰው እስከ 10 ዓመት እስራት ይጠብቀዋል። ስለዚህ አፈሙዝ በመጋዝ አይቆረጥም። «በ18 ኢንች ልክ እቆርጠዋለሁ» የሚል ሰው አንድ ሚሊ ሜትር ቢያሳስት ወንጀለኛ ሆነ። አጭር አፈሙዝ ከፈለጋችሁ ከፋብሪካ 18.5 ኢንች ሆኖ የወጣውን ግዙ።

ዜግነት ላልወሰዳችሁ ይህ የበለጠ ይመለከታችኋል። በጦር መሣሪያ ወንጀል መፈረድ ግሪን ካርድ ያለውንም ሰው ከአገር ሊያስባርር ይችላል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌደራል ሕግ መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ እንደ አደን ፈቃድ ያሉ ጠባብ ምክንያቶች ካልኖሩት በቀር፣ ጠመንጃ መያዝም ሆነ መግዛት አይችልም። መግዛት ለማይችል ዘመድ «በእኔ ስም ልግዛልህ» ማለት ራሱን የቻለ ከባድ ወንጀል ነው። ውለታ መስሏችሁ እንዳትገቡበት።

ከዚያ ደግሞ የየግዛቱ ሕግ አለ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሾትገንም ቢሆን ፖሊስ ዘንድ ይመዘገባል። አንዳንድ ግዛቶች በሰደፍ ዓይነትና በጥይት ብዛት ላይ ገደብ አላቸው። ዕቃ ከማዘዛችሁ በፊት የግዛታችሁን ድንጋጌ አንብቡ፤ ካልገባችሁ ጠበቃ ጠይቁ። የዕቃ ሻጭ የሕግ አማካሪያችሁ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ ላለ ቤት ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የጦር መሣሪያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው የሚተዳደረው። ጠመንጃም ሆነ የጠመንጃ ዕቃ «ለወንድሜ» ብላችሁ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የጠመንጃው መመሪያ መጽሐፍ (ከጠፋባችሁ ከፋብሪካው ድረ ገጽ ይወርዳል)
- የዓይን መከላከያ መነጽርና የጆሮ መከላከያ
- ኮከብና ጠፍጣፋ ጫፍ ያላቸው ካቻቪቴዎች፤ አንዱ ጠፍጣፋ ግንዱ ረጅም ይሁን
- የፓምፑን ነት መፍቻ (ለየሞዴሉ የተሠራ ነው፤ ባትሪ የተገጠመለት ፓምፕ ለምትገጥሙ ብቻ)
- ቀጭን የእንጨት ዘንግ፣ ሜትርና እርሳስ
- አልኮል፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ የጠመንጃ ዘይት
- 4 ወይም 5 ባሩድ የሌላቸው የልምምድ ጥይቶች
- አጭር ወይም የሚስተካከል ሰደፍ
- ለጠመንጃ የተሠራ ባትሪ ከነድንጋዩ
- ጎን ላይ የሚለጠፍ የጥይት መያዣ
- ለቤት ያሰባችሁት ባክሾት (በአንድ ቀለሃ ውስጥ ትልልቅ ፍሬዎች ያሉት ጥይት)፣ ቢያንስ ሁለት ዓይነት
- በፍጥነት የሚከፈት የጠመንጃ ካዝና

ዕቃ ስታዙ የሞዴሉን ስም በትክክል ጻፉ። የ870 ሰደፍ ሞስበርግ ላይ አይገባም። የ20 ጌጅ ዕቃም ለ12 ጌጅ አይሆንም (ጌጅ የአፈሙዙ ስፋት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አፈሙዙ ይሰፋል)።

1. ባዶ መሆኑን አረጋግጡ

ጣታችሁን ከምላጩ አርቁ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሩ። አፓርትመንት ከሆነ ግድግዳው ማዶ ጎረቤት አለ፤ ወለሉ ሥርም ጎረቤት አለ። እሱን አስቡና አቅጣጫ ምረጡ።

ሴፍቲውን (ምላጩን የሚቆልፈውን) አስገቡ። ሞስበርግ 500 ላይ ሴፍቲው ከላይ፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ነው። ማቨሪክ 88 እና 870 ላይ ምላጩ አጠገብ በጎን የሚገፋ ቁልፍ ነው። የፓምፑን መልቀቂያ ተጭናችሁ ጥይቶቹን አንድ በአንድ አውጡ። መልቀቂያው በ870 ከምላጩ ዘብ ፊት ለፊት በግራ በኩል ነው፤ በሞስበርግ ደግሞ ከኋላው።

አሁን ፓምፑን ወደኋላ ስባችሁ እዩ። ከዚያ ትንሿን ጣታችሁን ቻምበሩ (የጎረሰው ጥይት የሚያርፍበት የአፈሙዙ የኋላ ጫፍ) ውስጥ አስገብታችሁ ዳብሱ። በታች በኩል የጥይት ቱቦውን አፍ ዳብሱ፤ ጣታችሁ ጥይት ሳይሆን ገፊውን (ቱቦው ውስጥ ጥይቶቹን የሚገፋውን ክዳን) መንካት አለበት። ዓይን በደብዛዛ ብርሃን ይሳሳታል። ጣት ግን አይሳሳትም። የወጡትን ጥይቶች ሌላ ክፍል አስቀምጡ። ሥራ አቋርጣችሁ ስልክ ካነሳችሁ፣ ስትመለሱ ይህን ደረጃ ከመጀመሪያው ድገሙት።

2. ለኩ

ጠመንጃው ባዶ እንደሆነ ፓምፑን ወደፊት ገፍታችሁ ዝጉ። የእንጨት ዘንጉን በአፈሙዙ ጫፍ አስገቡ። የተዘጋው ቦልት (ቻምበሩን ከኋላ የሚዘጋው ብረት) ላይ ሲደርስ ይቆማል። ዘንጉ ላይ በአፈሙዙ ጫፍ ትክክል በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ አውጥታችሁ ለኩ። ይህ ነው የአፈሙዝ ርዝመት። ከውጭ የሚታየውን ብቻ የለካ ሰው አሳንሶ ይገምታል፤ አካሉ (ቦልቱ ያለበት መካከለኛው ክፍል) ውስጥ የገባው ይቀርበታልና። የሚፈታ ቾክ (አፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚገባ ማጥበቢያ) ካለው አውጥታችሁ ለኩ፤ እሱ አይቆጠርም።

ጠቅላላውን ርዝመት ከአፈሙዙ ጫፍ እስከ ሰደፉ መጨረሻ፣ ከአፈሙዙ ጋር በትይዩ መስመር ለኩ። ሁለቱንም ቁጥር ጻፉ። ሰደፍና አፈሙዝ ስትቀይሩ ሁለቱም ይለወጣሉ። ሰደፉን አውልቆ በሽጉጥ እጀታ ብቻ መተካት እኔ አልመክርም። ትከሻ ላይ የማያርፍ 12 ጌጅ ማነጣጠር ይቸግራል፤ ርዝመቱም ወደ ሕጉ ድንበር ይጠጋል።

3. የእንጨት ታኮውን አውጡ

አዲስ የአደን ሾትገን ገዝታችሁ ሁለት ጥይት ብቻ የሚጎርስ ከሆነ አልተበላሸም። ቱቦው ውስጥ ታኮ አለ። አሜሪካ ውስጥ ስደተኛ ወፍ ሲታደን ጠመንጃው ከ3 ጥይት በላይ እንዳይይዝ ሕግ ያስገድዳል፤ ታኮው ለዚያ ነው። ለቤት አያስፈልግም።

መነጽር አድርጉ። ቱቦው ውስጥ የታፈነ ሞላ አለ፤ ክዳኑ ሲከፈት ፊት ላይ ሊወነጨፍ ይችላል። 870 ላይ የቱቦውን ክዳን ፈትታችሁ አፈሙዙን ካወጣችሁ በኋላ የሞላውን መያዣ በመዳፋችሁ ደግፋችሁ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ሞስበርግ 500 እና ማቨሪክ 88 ላይ ደግሞ የቱቦው ጫፍ ድፍን ነው፤ አካሄዱ ይለያል፤ መመሪያ መጽሐፉን ተከተሉ።

እግረ መንገዳችሁን ጥይት ገፊውን እዩት። ከተሰነጠቀ ወይም ዳሩ ከተበላ ደማቅ ቀለም ባለው ቀይሩት። ደማቅ ቀለም የሚጠቅመው ቱቦው ባዶ መሆኑን በአንድ እይታ ስለሚነግራችሁ ነው።

ቱቦ ማስረዘሚያ ግዙ የሚላችሁ አይጠፋም። ሞስበርግ 500 ጫፉ ድፍን ስለሆነ አይቀበልም። 870 ይቀበላል፤ ግን ጠመንጃውን አፍንጫ ላይ ያከብደዋል። እኔ አልፈዋለሁ።

4. አፈሙዙን ቀይሩ (26 ወይም 28 ኢንች ከሆነ)

28 ኢንች አፈሙዝ ያለው ሾትገን ከአንድ ሜትር በላይ ይረዝማል። መታጠፊያ ላይ ከእናንተ በፊት እሱ ይታያል። በር ሲከፈት ይጋጫል። ሌላ ሰው ይዞ ለመታገልም እጀታ ይሆነዋል። 18.5 ኢንች ይህን ሁሉ ያቀልላል።

ፓምፑን ግማሽ ድረስ ወደኋላ ሳቡ። ሞስበርግ 500 ላይ ከአፈሙዙ ሥር ያለውን ብሎን፣ 870 ላይ የቱቦውን ክዳን ወደ ግራ እያዞራችሁ ፍቱ። አፈሙዙን ቀጥ አድርጋችሁ ወደፊት ሳቡት፤ ይወጣል። አዲሱን በዚያው መንገድ አስገብታችሁ ብሎኑን በእጃችሁ እስኪጠብቅ አጥብቁ። በፒንሳ አትታገሉት።

የሞስበርግ 500 እና የማቨሪክ 88 አፈሙዝ፣ ጌጁና የቱቦው ልክ አንድ ከሆነ፣ እርስ በርሱ ይለዋወጣል። የሞስበርግ 590 ግን ስሙ ቢቀራረብም 500 ላይ አይገባም። ብዙ ሰው በዚህ ገንዘቡን አቃጥሏል።

የድሮውን አፈሙዝ አትሽጡ፤ ለአደን ይሆናችኋል።

5. ሰደፉን በቁመታችሁ ልክ አድርጉ

ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ እዚህ አውሉት።

የፋብሪካ ሰደፍ ከምላጩ እስከ ጀርባው 14 ኢንች (35.5 ሳንቲ ሜትር) ገደማ ነው። ለመካከለኛ ቁመት ሰው ይረዝማል። የረዘመ ሰደፍ ፓምፑን ከእጅ ያርቀዋል። ክንድ ተዘርግቶ ሲያልቅ ፓምፑ እስከ መጨረሻው ወደኋላ አይመጣም። ቀለሃው አይወጣም ወይም አዲሱ ጥይት አይጎርስም። በፓምፕ ሾትገን ላይ በብዛት የሚያጋጥመው ችግር ይኸው ነው፤ ጠመንጃው ሳይበላሽ ጠመንጃው ተበላሸ ይባላል። በዚያ ላይ ረጅም ሰደፍ ሰውነትን ወደኋላ ያዘነብላል፤ ምቱም ትከሻ ላይ ሳይሆን ክንድ ላይ ያርፋል።

ልካችሁን እንዲህ እወቁ። ባዶውን ጠመንጃ ይዛችሁ ክርናችሁን በ90 ዲግሪ እጠፉ። የሰደፉን ጀርባ ክርናችሁ እጥፋት ላይ አሳርፉ። የሌባ ጣታችሁ ጫፍ ምላጩን ያለ ጭንቀት ከደረሰ ልኩ ይሆናል። ከዘብ ውጪ ከቀረ ይረዝማል። ለቤት ጥበቃ ብዙዎች ከ12.5 እስከ 13 ኢንች ይመርጣሉ። ባልና ሚስት አብረው የሚጠቀሙበት ከሆነ ለአጭሩ ሰው ይለካ። ረጅም ሰው በአጭር ሰደፍ መተኮስ ይችላል። አጭር ሰው ግን በረጅሙ ፓምፑን መሳብ ያቅተዋል።

ሲገጠም፦

ሀ) ከሰደፉ ጀርባ ያለው ጎማ ላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ የተደፈኑ ሊመስሉ ይችላሉ። የካቻቪቴውን ጫፍ በሳሙና ወይም በዘይት አስነክታችሁ አስገቡት። ደረቅ ካቻቪቴ ጎማውን ይቀደዋል፤ ከዚያ ቀዳዳው ሁልጊዜ አፉን ከፍቶ ይቀራል።

ለ) ጎማው ሲወልቅ ውስጥ ድረስ የሚሄድ ጉድጓድ ታያላችሁ። መጨረሻው ላይ ሰደፉን የያዘው ትልቁ ብሎን አለ። በረጅሙ ካቻቪቴ ወይም እንደ ሞዴሉ በሶኬት ቁልፍ ፍቱት።

ሐ) አዲሱን ሰደፍ ግጠሙ። መለኪያው ሰደፉ አለመነቃነቁ ነው እንጂ ጉልበት አይደለም። ከመጠን በላይ የጠበቀ ብሎን ሰደፉን ይሰነጥቃል።

መ) ከመጀመሪያው የተኩስ ልምምድ በኋላ እንደገና አጥብቁት። በምት ይላላል።

6. ባትሪ ግጠሙ

በር ላይ የቆመው ሌባ ሊሆን ይችላል። ከሥራ አምሽቶ የመጣ ልጃችሁ፣ ውሃ ልትጠጣ የተነሳች ከአዲስ አበባ የመጣች እናታችሁም ልትሆን ትችላለች። በጨለማ ጥላ ላይ መተኮስ ማለት ማንን እንደምትመቱ አለማወቅ ነው። መብራት ከሌለ ጠመንጃው ለቤት አልተሰናዳም።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ባትሪ ውስጡ የተሠራለት ሙሉ ፓምፕ መግዛት ነው። ስትሪምላይትና ሹርፋየር ለ870 እና ለሞስበርግ ይሠራሉ። ገመድ የለውም፤ መጫኛው ጣታችሁ ሥር ነው። ለመግጠም አፈሙዙን አውጥታችሁ የፓምፑን ነት በመፍቻው ትፈታላችሁ፤ አሮጌውን አውልቃችሁ አዲሱን ታስገባላችሁ። ሞስበርግ 500 ላይ ፓምፑ የሚያርፍበት ቱቦ ሁለት ርዝመት አለው፤ 6¾ እና 7¾ ኢንች። ከማዘዛችሁ በፊት ለኩ። ማቨሪክ 88 ያላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ በብዙዎቹ ላይ ፓምፑ ከብረቶቹ ጋር ተያይዞ የተሠራ ስለሆነ ብቻውን አይፈታም። የሞስበርግ 500ን የፓምፕ ብረት ጨምራችሁ መግዛት ይኖርባችኋል።

ሁለተኛው ርካሽ ነው። ቱቦውን ጨምድዶ የሚይዝ ማሰሪያና ለጠመንጃ የተሠራ ትንሽ ባትሪ። ዋናው ነገር ፓምፑ እስከ ጫፍ ወደፊት ሲሄድ ባትሪው እንዳያግደው ነው። የወጥ ቤት ባትሪ በፕላስተር አትሰሩ፤ በመጀመሪያው ተኩስ ይበተናል።

ማስጠንቀቂያ፦ የጠመንጃ ባትሪ ቤት መፈተሻ አይደለም። መብራቱ ወደዞረበት አፈሙዙም ዞሯል። ድምፅ ሰምታችሁ የምትፈትሹበት የእጅ ባትሪ ለብቻው አጠገባችሁ ይኑር።

7. ማነጣጠሪያዋን አጉሏት

አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ የነሐስ ኳስ በጨለማ አትታይም። በአልኮል ጥረጉ። መጀመሪያ ነጭ የጥፍር ቀለም ቀቡና ይድረቅ። በላዩ ደማቅ ብርቱካናማ ደርቡ። ነጩ ከሥሩ ከሌለ ብርቱካናማው ይደበዝዛል። ለቤት ርቀት ይበቃል።

8. ተጨማሪ ጥይት ጎኑ ላይ

በሌሊት ልብስ ኪስ የለም። ተጨማሪ ጥይት ጠመንጃው ላይ መሆን ያለበት ለዚያ ነው።

ከብረት የተሠሩት መያዣዎች በአካሉ ፒን ምትክ በሚገባ ብሎን ይያዛሉ። ብሎኑ ትንሽ ከጠበቀ አካሉን ይጨምቀዋል፤ ፓምፑም ይታነቃል። የሞስበርግ አካል አሉሚኒየም ስለሆነ ይበልጥ ይጎዳል። ስለዚህ በቬልክሮ የሚለጠፈውን የላስቲክ መያዣ እመርጣለሁ። አካሉን በአልኮል ሁለት ጊዜ ጥረጉ፤ ዘይት ካለ አይያዝም። ለጥፋችሁ አጥብቃችሁ ተጫኑ፤ አንድ ቀን ሙሉ ሳትነኩት ይደር። ቀለሃው የሚወጣበትን መስኮት እንዳይሸፍን እዩ።

ማንገቻ ለቤት አልመክርም። በር እጀታ ላይ ይጠለፋል።

9. በልምምድ ጥይት ፈትኑ

እውነተኛው ጥይት ሌላ ክፍል እንዳለ ነው። የልምምዶቹን ጥይቶች ቱቦው ውስጥ ሙሉ። ፓምፑን በኃይል ወደኋላ፣ በኃይል ወደፊት። ሁሉም መጉረስና መውጣት አለባቸው። የሚጎትት ወይም የሚታነቅ ከሆነ የመጨረሻ የገጠማችሁትን ዕቃ አላሉትና ድገሙ። ሴፍቲው ሲገባ ምላጩ መሥራት የለበትም። ይህን ካላለፈ ወደ ተኩስ ሜዳ አትውሰዱት፤ ለጠመንጃ ጠጋኝ አሳዩት።

ምላጩን ለማቅለል ወይም ሴፍቲውን ለመቀየር ውስጡን አትነካኩ። ያ የባለሙያ ሥራ ነው።

10. ጥይታችሁን በራሳችሁ ጠመንጃ ፈትኑ

መጀመሪያ ቤታችሁን ለኩ። ከመኝታ ክፍላችሁ በር እስከ መግቢያው በር፣ በቀጥታ ሊታይ የሚችለው ረጅሙ ርቀት ስንት ነው? አፓርትመንት ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ10 ሜትር አይበልጥም።

ያን ቁጥር ይዛችሁ ተኩስ ሜዳ ሂዱ። ሰፊ ወረቀት በዚያ ርቀት ስቀሉ። ከእያንዳንዱ ዓይነት ባክሾት ቢያንስ ሦስት ተኩሱ፤ ለእያንዳንዱ ተኩስ አዲስ ወረቀት። ከዚያ ቀዳዳዎቹን ቁጠሩ። የ12 ጌጅ 00 ባክሾት 8 ወይም 9 ፍሬ አለው፤ እያንዳንዱ 8.4 ሚሊ ሜትር ገደማ። ባለ 9 ፍሬ ጥይት ተኩሳችሁ 8 ቀዳዳ ካገኛችሁ፣ ዘጠነኛው የት ሄደ? ቤት ውስጥ ቢሆን ግድግዳ ውስጥ ነበር። ለሄደው ፍሬ ሁሉ ተጠያቂው እናንተ ናችሁ። ብዙ አሰልጣኞች ባለ 8 ፍሬውን የሚመርጡት ዘጠነኛው ከመንጋው የመለየት ልማድ ስላለው ነው።

በአሮጌው ግምት ፍሬዎቹ በሜትር 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰፋሉ። ግምት ነው። አንዱ ጥይት በዚያው ርቀት እጥፍ ይሰፋል፤ ሌላው በቡጢ ልክ ተሰብስቦ ያርፋል። ጠመንጃ ከጠመንጃም ይለያል። የሚሰበሰበውን ምረጡና ከዚያ በኋላ ሌላ አትግዙ።

ምቱ ከከበዳችሁ «ሎው ሪኮይል» (ምቱ የቀነሰ) የተጻፈበትን ሞክሩ። ፍጥነቱ ከ1,300 ጫማ በሰከንድ በላይ ከሆነው ወደ 1,150 ገደማ ይወርዳል። ለቤት ርቀት በቂ ነው፤ ለሁለተኛ ተኩስ ለመመለስም ያቀላል።

ደግሞ ግድግዳውን አትመኑ። የአሜሪካ ቤት የውስጥ ግድግዳ ሁለት የጂፕሰም ቦርድ ነው፤ መካከሉ ባዶ። ባክሾት አንዱን ብቻ ሳይሆን ተከታታይ ግድግዳዎችን ያልፋል። «ሾትገን ግድግዳ አያልፍም» የሚባለው ውሸት ነው። ባዶ እጃችሁን ቤቱን ዙሩና የልጆቹ አልጋ ከየትኛው ግድግዳ ጀርባ እንዳለ ለይታችሁ እወቁ። ወደዚያ የማይተኮስባቸውን አቅጣጫዎች ባለቤታችሁም ይወቁ።

11. አቀማመጥ

ፓምፕ ሾትገን ቻምበሩ ውስጥ ጥይት ኖሮት አይቀመጥም። ሴፍቲው የሚይዘው ምላጩን ነው። ጠመንጃው ቢወድቅ ሊተኩስ ይችላል። ጥይቶቹ ቱቦው ውስጥ፣ ቻምበሩ ባዶ፤ በዚህ መልክ ካዝና ውስጥ ይቆለፍ። ልጅ ካለ ወይም ልጅ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ካለ (የእኛ ቤት መቼ እንግዳ ያጣል) መቆለፉ ምርጫ አይደለም። በብዙ ግዛቶች ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ የተሞላ ጠመንጃ ማስቀመጥ ወንጀል ነው። አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን ላይ፣ ከመጋረጃ ጀርባ መደበቅ መቆለፍ አይደለም። ልጆች የቤቱን ጓዳ ከእናንተ በላይ ያውቁታል።

ካዝናው ግድግዳ ላይ ወይም ቁም ሣጥን ውስጥ በብሎን የታሰረ ይሁን። በጨለማ በጣት ተዳስሶ የሚከፈት ቁልፍ ያለውን ምረጡ። የቁልፉን ቁጥር የልደት ቀን አታድርጉት።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

20 ጌጅና 12 ጌጅ ጥይት በአንድ ሳጥን መቀላቀል። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። 20 ጌጅ ጥይት 12 ጌጅ ውስጥ ከገባ ቻምበሩን አልፎ አፈሙዙ ውስጥ ይሰነቀራል። ጠመንጃው ባዶ ይመስላል። ከኋላው 12 ጌጅ ሲተኮስ አፈሙዙ ይፈነዳል። 20 ጌጅ ቢጫ ቀለም የሚሰጠው ለዚህ ነው። ቤታችሁ አንድ ጌጅ ብቻ ይኑር።

3 ኢንች ጥይት 2¾ ተብሎ በተጻፈ አፈሙዝ መተኮስ። ልኩ አፈሙዙ ላይ ተቀርጿል፤ አንብቡ።

ፓምፑን በስሱ መሳብ። ጠመንጃው እንዳይጎዳ ብሎ የሚያባብል ሰው ነው ጥይት የሚያሰናክለው። እስከ ጫፍ፣ በኃይል።

ለወፍ የሚሆን ደቃቅ ጥይት ለቤት መጫን። ጥልቀት የለውም፤ አደጋውን ላያስቆም ይችላል።

ሁሉን ዕቃ በአንድ ቀን መግጠም። ሲታነቅ ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ አይታወቅም። አንድ ግጠሙ፣ ፈትኑ፣ ቀጣዩን ግጠሙ።

ጥይቶቹን ለዓመታት ቱቦው ውስጥ መርሳት። ሞላ ሲጫናቸው ከቆየ የፕላስቲክ ቀለሃቸው ያብጣል፤ ከዚያ አይጎርስም። በየጥቂት ወሩ አውጥታችሁ በጣት አሽከርክሯቸው። ያበጠ ወይም ጫፉ የተጎዳ ካለ ለይታችሁ በሌላ ተኩት። በዚያው ቀን የባትሪውን ድንጋይ ቀይሩ፣ የሰደፉን ብሎን ፈትሹ፣ ቦልቱ ላይ ጠብታ ዘይት አድርጉ፤ ከዚያም ደረጃ 9ን ደግማችሁ መልሳችሁ ቆልፉ።